በፖሊስ መዝገብ ብቻ የሚታወቅ ሰው



አንድን ሰው ከሞተ ከመቶ ዓመት በኋላ የምናውቀው በምንድን ነው? ነገሥታትን በዜና መዋዕላቸው፣ መኳንንትን በርስት መዝገባቸው፣ ደራስያንን በመጻሕፍታቸው እናውቃቸዋለን። ድሃውን ገበሬ አንዳንዴ በግብር ደብተር፣ አንዳንዴም በችሎት ክርክር እናገኘዋለን። የሕይወታቸው ማስረጃ በሁለት ቦታ ብቻ የተጻፈ ሰዎች ግን አሉ፤ አንደኛው የፖሊስ ፋይል ነው፣ ሁለተኛው ዘመድ አግኝቶ ያላቃጠለው ደብዳቤ። ዛሬ የማወጋችሁ ስለነዚህ ሰዎችና ሁለተኛውን ማስረጃ ከእሳትና ከቆሻሻ መጣያ ለማዳን ስለደከሙ ተራ ዜጎች ነው።

በቅድሚያ ስለ አንድ ቃል ልናገር። በአማርኛችን ለእነዚህ ሰዎች የተለመደው መጠሪያ ከኦሪት ዘፍጥረት የሰዶም ታሪክ የተቀዳ ነውና ገና ሲጠራ ፍርዱን ሰጥቶ ያበቃል። ታሪክ ለመጻፍ የተቀመጠ ሰው ከምርመራው በፊት ፍርዱን ማስቀደም አይገባውም። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ «የተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪዎች» እላለሁ። ረዘም ይላል፣ ጆሮም ገና አልለመደው ይሆናል፤ ቢያንስ ግን ዳኛ አይደለም። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ነገሩ በርሊን ላይ ይጀምራል። ጀርመን በ1871 አንድ አገር ስትሆን በወንጀለኛ መቅጫ ሕጓ ውስጥ አንቀጽ 175 የሚባል ድንጋጌ ነበራት፤ በወንዶች መካከል የሚደረግ የጾታ ግንኙነትን በእስራት የሚቀጣ። የበርሊን ፖሊስ በ1885 ለዚሁ ጉዳይ የተለየ ክፍል አቋቁሞ ስም መመዝገብ ጀመረ። በዚያው ከተማ፣ በተቃራኒው ወገን፣ አንድ ሐኪም የራሱን መዝገብ ያጠራቅም ነበር። ማግኑስ ሂርሽፌልድ ይባላል። ከአይሁድ ቤተሰብ በግንቦት 14 ቀን 1868 የተወለደ ሰው ነው። ልብ በሉ፣ አፄ ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ ራሳቸውን በሠዉ በወሩ መሆኑ ነው፤ የመቅደላ ብራናዎች በዝሆንና በበቅሎ ተጭነው ወደ ባሕሩ የሚወርዱበት ሰሞን። ስለ ተዘረፈና ስለ ተቃጠለ መጽሐፍ ሲወራ ልቤ ወደዚያ ስለሚሄድብኝ ይቅርታ።

ሂርሽፌልድ በ1897 ከጥቂት ባልደረቦቹ ጋር አንቀጽ 175 እንዲሻር የሚሟገት ኮሚቴ አቋቋመ። በ1919 ደግሞ በበርሊኑ ቲርጋርተን ሠፈር የጾታ ሳይንስ ተቋም ከፈተ። ተቋሙ ክሊኒክ፣ የምርምር ማዕከል፣ ሙዚየምና ቤተ መጻሕፍት በአንድ ጣሪያ ሥር ነበር። ሰዎች ለሌላ ለማንም ያልነገሩትን የሕይወት ታሪክ በመጠይቅ ሞልተው ይሰጡታል፤ እርሱም ከፎቶግራፍና ከደብዳቤ ጋር ያስቀምጠዋል። በተወለዱበት ጾታ ልብስ መኖር ላልቻሉ ሰዎች ተቋሙ የሐኪም ምስክርነት ይጽፍላቸው ነበር፤ የበርሊን ፖሊስም በዚያ ምስክርነት መሠረት፣ ሰዎቹ በአለባበሳቸው ምክንያት መንገድ ላይ እንዳይያዙ የፈቃድ ወረቀት ይሰጥ ነበር። እንግዲህ የአንድ ከተማ ፖሊስ በአንድ ጠረጴዛ ስም እየመዘገበ፣ በሌላው ጠረጴዛ ፈቃድ ይሰጣል። የቢሮክራሲ ጠባይ በየትኛውም አገር አንድ ነው መሰለኝ።

ናዚዎች ሥልጣን ከያዙ ገና አራት ወር ሳይሞላቸው፣ በግንቦት 6 ቀን 1933 ማለዳ፣ ተማሪዎች በሙዚቃ ባንድ ታጅበው መጥተው ተቋሙን ዘረፉ። ከቀትር በኋላ ደግሞ የፓርቲው ታጣቂዎች ተከተሉ። ከአራት ቀን በኋላ በኦፐራው አደባባይ መጽሐፍ ሲቃጠል፣ ከተቋሙ የተወሰዱት በሺህ የሚቆጠሩ መጻሕፍት አብረው ነደዱ፤ የሂርሽፌልድ የራስ ሐውልትም በእንጨት ተሰክቶ በሰልፉ መሐል ታየ። ባለቤቱ በውጭ አገር ጉዞ ላይ ስለነበር በአካል አልተያዘም። ቃጠሎውን ያየው ፓሪስ ሲኒማ ቤት ተቀምጦ በዜና ፊልም ነበር። ወደ አገሩ ሳይመለስ በ1935 ልክ በ67ኛ የልደት ቀኑ ኒስ ላይ ሞተ።

ያን አደባባይ በአንድ የክረምት ምሽት አይቼዋለሁ። ዛሬ ቤቤልፕላትስ ይባላል። መሐሉ ላይ በመስታወት የተከደነ ጉድጓድ አለ፤ ቁልቁል ሲያዩት ነጭ ባዶ መደርደሪያ ብቻ ነው። ሃያ ሺህ ያህል መጽሐፍ እንዲችል ሆኖ የተሠራ፣ በ1995 የተተከለ የእስራኤላዊው ሠዓሊና ቀራፂ የሚኻ ኡልማን ሥራ ነው። እኔ በቆምሁበት ሰዓት አስጎብኚው የማርክስን፣ የፍሮይድንና የሬማርክን ስም ጠራ። እውነት ነው፣ የእነርሱም ተቃጥሏል። ነገር ግን የማርክስ መጽሐፍ በዓለም ዙሪያ በብዙ ሺህ ቅጂ ነበረ፤ አንድ ቅጂ ቢነድ ሌላው ይተርፋል። አንድ የበርሊን ጸሐፊ ወይም አንዲት የፋብሪካ ሠራተኛ ስለ ራሷ የሞላችው መጠይቅ ሁለተኛ ቅጂ አልነበረውም። በዚያ እሳት ከሁሉ የከፋው ጉዳት ይህ ይመስለኛል፤ በመስታወቱ ሥር ሊሣል የማይችለውም ይኸው ነው።

ከዚያ በኋላ የመጣው ይታወቃል። አንቀጽ 175 በ1935 ተጠናከረ፤ በናዚ ዘመን ወደ 50 ሺህ የሚደርሱ ወንዶች ተፈረደባቸው፤ ከ5 ሺህ እስከ 15 ሺህ የሚገመቱት ሮዝ ሦስት ማዕዘን በደረታቸው ተሰፍቶ ወደ ማጎሪያ ካምፖች ተላኩ። ብዙ ሰው የማያውቀው ቀጥሎ ያለውን ነው። ምዕራብ ጀርመን ናዚዎች ያጠናከሩትን ድንጋጌ እንዳለ ይዛ እስከ 1969 ዘለቀች፤ በእነዚያ ዓመታት ሌሎች ወደ 50 ሺህ የሚጠጉ ሰዎችን ፈረደችባቸው። ድንጋጌው ጨርሶ የተሻረው በ1994 ነው፤ የናዚ ዘመን ፍርዶች በ2002፣ ከጦርነቱ በኋላ የተሰጡት ደግሞ በ2017 ተሰረዙ። ከካምፕ የተረፈ ሰው በ1955 ዓመት ወደ መንግሥት ቤተ መዛግብት ሄዶ «ማስታወሻዬን ተቀበሉኝ» ይላል ተብሎ ይጠበቃልን? ማስታወሻው ራሱ የክስ ማስረጃ ነበር። ስለዚህ ሰዉ ዝም አለ፣ ወይም አቃጠለ። ፖሊስ ግን አላቃጠለም፤ የታሪክ ተመራማሪዎችም ወደ ጉዳዩ ሲመጡ በእጃቸው የቀረው አብዛኛው ወረቀት የምርመራ ቃልና የፍርድ ግልባጭ ሆነ። በምርመራ ቃል ውስጥ ደግሞ ሰው የሚናገረው መርማሪው የጠየቀውን ነው። የት ተገናኛችሁ? ስንት ጊዜ? ሌላ ማን ነበረ? ምን ይወድድ እንደነበር፣ በማን እንዳዘነ፣ ምን መዝሙር ሲሰማ እንባው ይመጣ እንደነበር የሚጠይቅ መርማሪ የለም።

መንግሥት የማይሰበስበውን እንግዲህ ባለጉዳዩ ራሱ ይሰበስባል። በኒውዮርክ በ1974 ጆአን ኔስልና ዴቦራ ኤደል ከጓደኞቻቸው ጋር ሴት አፍቃሪ ሴቶችን የሚመለከት ቤተ መዛግብት ሲያቋቁሙ ቢሮ አልነበራቸውም። ስብስቡ የተጀመረው በኔስል አፓርታማ፣ በምግብ ማስቀመጫው ጓዳ ውስጥ ነበር። ጓዳ የሚለው ቃል በእኛ ቋንቋ የሚያዝለውን ትርጉም ለአንባቢ መንገር አይጠበቅብኝም። ከጓዳው ወደ ሳሎን፣ ከሳሎኑ ወደ መኝታ ቤት እየተስፋፋ፣ በ1993 በብሩክሊን በመዋጮ ወደ ተገዛ የራሱ ቤት ገባ። ደንባቸው ይገርመኛል፤ ለማየት የዩኒቨርሲቲ መታወቂያ አይጠየቅም፣ ስብስቡም አይሸጥም። የታዋቂዋም የማትታወቀዋም ሴት ወረቀት እኩል ቦታ አለው።

በርሊን ራሷ እስከ 1984 ቆየች። የበርሊን ሙዚየም በዚያ ዓመት ከ1850 እስከ 1950 በከተማዋ የኖሩ የተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪ ሴቶችንና ወንዶችን ሕይወት የሚያሳይ ኤግዚቢሽን አቀረበ። ሐሳቡን ያመነጩት በዚያው ሙዚየም በአዳራሽ ጠባቂነት እየሠሩ የሚማሩ ተማሪዎች ነበሩ። ቀን ቀን የሌላውን ታሪክ እየጠበቁ የራሳቸውን በግድግዳው ላይ ያጡ ወጣቶች ማለት ነው። ዓመት ሳይቆይ፣ በ1985፣ የራሳቸውን ሙዚየም መሠረቱ፤ ሽቩሌስ ሙዜዩም እስከ ዛሬ በርሊን ውስጥ ክፍት ነው።

ለእኛ ቅርቡ ምሳሌ ግን ጆሃንስበርግ ነው። በዊትዋተርስራንድ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው ጋላ የተባለው ቤተ መዛግብት በ1997 ተቋቋመ፤ ከያዛቸው ሰነዶች መካከል የሳይመን ንኮሊ የእስር ቤት ደብዳቤዎች ይገኛሉ። ንኮሊ በ1957 ተወልዶ ያደገ የፀረ አፓርታይድ ታጋይ ነው። በ1984 ተይዞ፣ ደልማስ በተባለው የአገር ክህደት ችሎት ከሌሎች 21 ሰዎች ጋር በሞት ሊያስቀጣ በሚችል ክስ ቀረበ። ወንድ የሚያፈቅር መሆኑ በጓዶቹ ዘንድ ሲታወቅ በእስር ቤቱ ከባድ ክርክር ተነሣ፤ ለብቻው ይከሰስልን ያሉም ነበሩ። በመጨረሻ አብረውት ቆሙ። በ1988 ነጻ ወጣ፤ በጥቅምት 1990 በጆሃንስበርግ በአፍሪካ የመጀመሪያው የሆነውን የኩራት ሰልፍ ካደራጁት አንዱ ሆነ፤ በ1998 በኤድስ ሞተ። በ1996 የጸደቀው የደቡብ አፍሪካ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 9 በጾታ ዝንባሌ የሚደረግ መድልዎን በግልጽ ከከለከሉ የዓለማችን የመጀመሪያዎቹ ሕገ መንግሥታት አንዱ ነው።

አሁን አስቡት። የአፓርታይድ መንግሥት ፋይል ብቻ ቢተርፍ ንኮሊን የምናውቀው በተከሳሽ ቁጥር ነው። የድርጅቶቹ ይፋዊ ታሪክ ብቻ ቢተርፍ ምናልባት በጀግኖች ዝርዝር ውስጥ አንድ ስም ይሆናል። ደብዳቤዎቹ ስላሉ ግን የእስር ቤት ሳንሱር እያነበበው ለሚወድደው ሰው የጻፈ፣ የፈራ፣ የቀለደ፣ የናፈቀ አንድ ወጣት እናገኛለን። የትግል ታሪክም ቢሆን ያለ ሦስተኛው ዓይነት ወረቀት ጎዶሎ ነው።

«ይህ የእኛ ጉዳይ አይደለም» የሚለኝ አንባቢ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። «ገበናን መክተት እንጂ ማስቀመጥ ምን ይሉታል?» የሚለኝም አለ። በ2004 የወጣው የኢትዮጵያ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 629 ድርጊቱን ወንጀል ያደርገዋል፤ በዚህ ላይ የአብዛኛው ሕዝብ ስሜት ምን እንደሆነም አልስተውም። ነገር ግን የተቀጡ ሰዎችን ታሪክ ከቀጪው ፋይል ብቻ ማንበብ ምን እንደሚመስል እኛ ከማንም በላይ እናውቃለን። የቀይ ሽብር ክሶች በእጅጉ የተደገፉት ደርግ ራሱ ጽፎና ማኅተም መትቶ በተዋቸው ሰነዶች ነበር። ለፍርድ በቂ ነበሩ። ሟቹ ልጅ ማን እንደነበረ ግን አይነግሩም። ይህን የምናገኘው በ2010 መስቀል አደባባይ በተከፈተው የሰማዕታት ሙዚየም ግድግዳ ላይ፣ እናቶችና እኅቶች ከየቤታቸው ሳጥን አውጥተው ባመጡት ፎቶግራፍ ነው። ጉዳዮቹ አንድ ናቸው አልልም። የወረቀቱ ችግር ግን አንድ ነው።

ከዚህ ይልቅ የሚከብደኝ ሌላ ጥያቄ ነው። መሰብሰብ ራሱ አደጋ አለው። ከሂርሽፌልድ ተቋም የሕሙማን ፋይሎች የትኛው ነደደ፣ የትኛው በናዚዎች እጅ ገባ የሚለው እስከ ዛሬ ያከራክራል። ለፍቅር የተጠራቀመ ስም ነገ የአሳዳጅ ዝርዝር ሊሆን ይችላል። ለዚህም ነው እንዲህ ያሉ ቤተ መዛግብት ስም መሸፈንን፣ ለተወሰኑ ዓመታት ማሸግን፣ አንዳንዴም ሰነዱን ከአገር ውጭ ማስቀመጥን የሚያውቁበት። ሕጉ በሚቀጣበት አገር ያለ ሰው ወረቀቱን ቢያቃጥል አልፈርድበትም። ታሪክ ከሰው ሕይወት አይበልጥም። በዋሽንግተን፣ በቶሮንቶ ወይም በስቶክሆልም ብቻውን የኖረ ያገራችን ሰው ሲሞት ግን ቤቱን የሚያጸዳው ማነው? ዕድሩ ወይም የሩቅ ዘመድ ነው። ሻንጣው ሲከፈት ምን እንደሚጣልና ምን ለቤተሰብ እንደሚላክ መገመት አያዳግትም።

ስለ ሻንጣ ካነሣሁ ዘንድ የሂርሽፌልድን ልጨርስ። ሐኪሙ ሲሞት ሁለት ወራሾች ነበሩት፤ ሁለቱም የሕይወት ጓደኞቹ ናቸው። አንደኛው ካርል ጊዜ በ1938 ብርኖ ከተማ ራሱን ገደለ፤ ከእርሱ የወረሰው አይሁዳዊ ጠበቃ ወደ ሎጅ ጌቶ ተግዞ አልተመለሰም፤ በእጁ የነበረውም ጠፋ። ሁለተኛው ሊ ሹ ቶንግ የተባለ፣ ሂርሽፌልድ በ1931 ሻንጋይ ላይ ያገኘው የሆንግ ኮንግ ወጣት ነበር። ሊ ከስዊዘርላንድ ወደ አሜሪካ፣ ከዚያ ወደ ሆንግ ኮንግ፣ በመጨረሻም ወደ ካናዳ የመምህሩን ወረቀቶች ተሸክሞ ስልሳ ዓመት ገደማ ዞረ። በ1993 ቫንኩቨር ሞተ። ዕቃው ተጣለ። በዚያው ሕንፃ የሚኖር አንድ ጎረቤት ከቆሻሻው መሐል ሻንጣ አንሥቶ አስቀመጠ፤ ባለቤቱን የሚያውቅ ካለ ብሎም በኢንተርኔት ጠየቀ። በ1982 በምዕራብ በርሊን የተመሠረተው የማግኑስ ሂርሽፌልድ ማኅበር አባል የሆነው ተመራማሪ ራልፍ ዶዘ ያን መልእክት ያገኘው ከዓመታት በኋላ ነው።

በሻንጣው ውስጥ ሐኪሙ በእጁ የጻፈው የኑዛዜ ደብተርና ከሞተ በኋላ ከፊቱ ላይ የተወሰደ የፕላስተር ጭምብል ተገኙ። ደብተሩ በ2013 ታተመ። ከእርሱ ጋር ደግሞ ማንም ያልጠበቀው ሌላ ነገር ነበር፤ ሊ ራሱ ለመጽሐፍ ያዘጋጃቸውና ሳይታተሙ የቀሩ ገጾች። አሜሪካዊቷ የታሪክ ምሁር ሎሪ ማርሆፈር በ2022 ባሳተመችው መጽሐፍ እነዚህን ገጾች አንብባ፣ የነጻነት አባት የሚባለው ሂርሽፌልድ ስለ ዘርና ስለ ቅኝ ግዛት የነበረውን አስተሳሰብ ሳትምር መርምራለች፤ «ደቀ መዝሙሩ» እየተባለ በፎቶግራፍ ጠርዝ ላይ ብቻ ይታይ የነበረውን ሊንም የራሱ አሳብ ያለው ሰው አድርጋ አቅርባለች። ገጾቹ አሁን በርሊን ናቸው።