ፍትሐት፣ መታሰቢያ፣ ይማር

በአርባ ምንጭ ከተማ፣ ሲቀላ ላይ «ጎብኚ» ሲባል ሰው ቀድሞ የሚያስበው በጀልባ የጫሞን ሐይቅ አቋርጦ አዞ ገበያ የሚሄደውን፣ ወይም ነጭ ሳር ፓርክ የሜዳ አህያ ለማየት የመጣውን ነው። ስለዚህ ካቶሊካውያን ለሙታን ለመጸለይ ወደ መቃብር መሄዳቸውን «የመካነ መቃብር ጉብኝት» ብሎ መጻፍ ጆሮ ይቆረቁራል። ከፈረንጅ ቋንቋ እንዳለ መገልበጡ ያስታውቃል። ለነገሩ የሚሆኑ ቃላት በአገሩ ሞልተዋል፤ ከግእዝ ወርደው ለቅሶ ቤት ውስጥ የከረሙ ናቸው።

ካቶሊካውያን ሙታንን የሚያስቡበት ቀን በፈረንጆቹ ኖቬምበር 2፣ በእኛ ጥቅምት 23 ግድም ነው። በምዕራቡ ቤተ ክርስቲያን ይህን ቀን ለሙታን ሁሉ ጸሎት እንዲሆን ያጸናው በ11ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ የፈረንሳዩ የክሉኒ ገዳም አበምኔት ኦዲሎ ነው። ከኖቬምበር 1 እስከ 8 መቃብር ሄዶ ለሙታን የጸለየ ካቶሊክ፣ የተለመዱትን ቅድመ ሁኔታዎች ካሟላ፣ ሙሉ ሥርየት ያገኛል፤ ሥርየቱ ግን ለራሱ ሳይሆን ለሞተው ሰው ነፍስ የሚውል ነው።

ለሙታን ለሚደረገው ጸሎት የእኛው ቃል ፍትሐት ነው፤ ሕዝቡ ፍታት ይለዋል። ግሱ ፈትሐ ሁለት መልክ አለው፦ ቋጠሮ መፍታትና መፍረድ። ፍትሕ፣ ፍትሐ ነገሥት፣ የትዳር ፍቺ፣ የእንቆቅልሽ ፍቺ፣ የእስረኛ መፈታት ሁሉም ከዚያው ነው። ሙት ሲፈታ፣ በቃሉ አሳብ፣ እንደ ታሳሪ ይለቀቃል ማለት ነው። ላቲኑም በዚህ መንገድ ሄዷል። በካቶሊክ ቀብር ላይ ይደረግ የነበረው «አብሶሉሲዮ» የሚባል ጸሎት ስሙን ያገኘው መፍታት ከሚል ግስ ነው። ሁለቱ ቋንቋዎች ዝምድና የላቸውም። ምናልባት ሁለቱንም ወደዚህ ያመጣቸው፣ ክርስቶስ ለጴጥሮስ ስለ ማሰርና ስለ መፍታት የተናገረው ቃል ሊሆን ይችላል።

የቀኑ የላቲን ስም ደግሞ «የታመኑ ሙታን ሁሉ መታሰቢያ» ማለት ነው። አማርኛው መታሰቢያ ከግእዙ ሐሰበ ይወጣል፤ ሐሰበ ማሰብም መቁጠርም ነው፣ ሒሳብም የዚያው ዘር ነው። ሙታንን ስናስብ ቀን መቁጠራችን አለምክንያት አይመስለኝም። የድሮው የላቲን ሥርዓት የሙታንን ቅዳሴ በ3ኛው፣ በ7ኛውና በ30ኛው ቀን ያደርግ ነበር። የአገራችን ሰው 40 እና 80 ያወጣል። ሲቀላን የሚያካትተው የሶዶ ካቶሊካዊ ሀገረ ስብከት የላቲን ሥርዓት የሚከተል ሲሆን፣ የሲቀላ ምእመን ግን የሚኖረው ስሟ ራሱ በአርባ በሚጀምር ከተማ ውስጥ ነው። (ምንጮቹን ቆጥሮ አርባ ያደረሰ ሰው ገና አላገኘሁም።) ተዝካር የዘከረ ልጅ ነው፤ የዕብራይስጡ ዘካርያስ «እግዚአብሔር አሰበ» ማለት ሲሆን የሙስሊሙ ዚክርም የቅርብ ዘመዱ ነው። በእኛ ግን ቃሉ ከጸሎቱ ይልቅ ወደ ድግሱ አዘነበለ፤ ተዝካር ሲባል የሚታየው ድንኳኑና ጠላው ሆነ።

ነፍስ ይማር የሚለው ደግሞ ከሁሉ የረቀቀ ነው። ግእዝ መሐረ ሲል ራራ፣ ይቅር አለ ማለቱ ነው፤ መሀረ ሲል ግን አስተማረ። ልዩነቱን የያዙት ሐመሩ ሐ እና ሃሌታው ሀ ናቸው። አማርኛ ሁለቱን የጉሮሮ ድምፆች ሲጥል ማረና ተማረ ጎን ለጎን ቀሩ፤ «ተማረ» ስንል ትምህርት ቤት ገባ ይሁን ምሕረት አገኘ የሚለየው አገባቡ ነው። ከመዓር የመጣው ማርም በድምፅ ብቻ ተቀላቅሏቸዋል፤ በሥር አይገናኙም።

«ነፍስ ይማር» ሲቀላ ባለበት በጋሞ፣ ለቅሶ ላይ ሰውን ይለያል። በአካባቢው የበረቱት ወንጌላውያን ለሞተ ሰው አይጸልዩም፤ ለቅሶ ሲደርሱ «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» ይላሉ። ኦርቶዶክሱና ካቶሊኩ «ነፍስ ይማር» ይላሉ። የመጀመሪያው በ«ችሁ» ተቀምጠው ወደሚያለቅሱት ዞሯል። ሁለተኛው ግን በዚያ ቤት ውስጥ ለሌለው ለአንዱ ነው። ሲቀላ ውስጥ አንድ ቤተሰብ ሦስት እምነት ሊይዝ ስለሚችል ሁለቱም ምርቃት በአንድ ድንኳን ይሰማል፤ ካቶሊኩ ደግሞ ብዙ ጊዜ ሁለቱንም ይላል።