«ጊች» ከስላይድ ወደ ኅትመት ሲሻገር ለምን ይጠፋል?

እስቲ አስቡት፤ ደባርቅ ውስጥ፣ አሮጌ ኮምፒውተር ላይ፣ ስለ ጊች መንደር የተሠራ የፓወርፖይንት ስላይድ አገኛችሁ። ብሮሸር ልታደርጉት ጽሑፉን ኮፒ አድርጋችሁ ወደ ኅትመት ሶፍትዌር ስትወስዱት አማርኛው ጠፍቶ የላቲን ፊደልና የምልክት ድብልቅልቅ ይሆንባችኋል። ፋይሉ ተበላሽቶ ይሆን? አይደለም፤ ነገሩ ታሪክ አለው።

የኅትመት ሶፍትዌሩ ፔጅሜከር እ.ኤ.አ. በ1985፣ ፓወርፖይንት ደግሞ በ1987 ሲወጡ ኮምፒውተሮች አንድን ፊደል በአብዛኛው የሚያስቀምጡት በአንድ ባይት ነበር። አንድ ባይት 256 ቦታ ብቻ አለው፤ የግእዝ ፊደል ከነዝርያው ከ300 ይበልጣል። ስለዚህ የፎንት ሠሪዎች መላ ዘየዱ፦ አንዳንዶቹ ፊደሉን ለተለያዩ ፎንቶች አከፋፈሉት፣ ሌሎቹ አካሉንና ቅጥያውን ለየብቻ አስቀመጡ። በሁለቱም መንገድ የግእዙ ቅርጽ የተቀመጠው በላቲን ፊደል ወንበር ላይ ነው። ዓይናችን «ጊች» ሲያነብ ኮምፒውተሩ የሚያውቀው የላቲን ኮድ ነው። ፎንቱ ሲቀየር ጉዱ ይወጣል!

መፍትሔው እ.ኤ.አ. በ1999 በዩኒኮድ 3.0 መጣ። 345 የግእዝ ምልክቶች የየራሳቸውን ቁጥር አገኙ፤ «ጊ» 4874፣ «ች» ደግሞ 4733 ሆኑ። ከዚያ በኋላ ፎንት ቢቀየርም ፊደሉ ያው ነው።

ታዲያ ስላይዱን ፎቶ አንስቶ መለጠፍ አይሻልም? አይሻልም። ወርዱ 1024 ፒክስል የሆነ ስላይድ በኅትመት ጥራት፣ ማለትም በአንድ ኢንች 300 ነጥብ፣ 8.7 ሴንቲሜትር ብቻ ይሸፍናል፤ ኤ4 ወረቀት ግን 21 ሴንቲሜትር ነው። ስትለጥጡት ይደበዝዛል። ከሁሉ የሚብሰው ደግሞ ጽሑፉ ሥዕል ሆኖ ይቀራል፤ «ጊች» ብላችሁ ብትፈልጉ አታገኙትም።

ይህ ቀላል ጉዳት አይደለም። የጊች ነዋሪዎች እ.ኤ.አ. በ2016 ወደ ደባርቅ ተዛውረዋል። በ1978 በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክም በ2017 አደጋ ካንዣበበባቸው ቅርሶች ዝርዝር ወጥቷል። ሰው በነበረበት ዘመን ስለ መንደሩ የተጻፈውን ዛሬ ሄዶ እንደገና መመዝገብ አይቻልም።

ስለዚህ እንዲህ አድርጉ፦ መጀመሪያ የስላይዱን ፎንት ስም እዩ። ጽሑፉን ለዚያው ፎንት በተሠራ መቀየሪያ ወደ ዩኒኮድ ለውጡ፤ የአንዱ መቀየሪያ ለሌላው አይሠራም። ከዚያ ስሞችንና ቁጥሮችን ከዋናው ጋር አንድ በአንድ አስተያዩ። ፎቶዎቹን ከስላይዱ ሳይሆን ከመጀመሪያው ካሜራ ፋይል ፈልጉ። ገጽ ማስዋቡ የመጨረሻ ሥራ ነው። አሮጌውን ፋይል ግን እንዳትሰርዙት!