ካርታው ሲቀየር ማን ተጠየቀ?

ባለፈው ዓመት መጨረሻ ላይ የሰፈራችን የመሬት አጠቃቀም ሊቀየር ነው ተብሎ ስብሰባ ተጠራ። ዕለቱ ቅዳሜ ጠዋት፣ የገበያ ቀናችን ነበር። ስለዚህ ከማኅበራችን የሄድነው ስድስት ብቻ ነን። በር ላይ ወረቀት ቀረበልን፤ ስማችንን ጽፈን ፈረምን። ከሳምንታት በኋላ ቃለ ጉባኤው ሲነበብ ተሰብሳቢው ዕቅዱን በሙሉ ድምፅ እንደደገፈ ይላል። አንዲት እናታችን «እኔ የፈረምኩት ለመምጣቴ ነው እንጂ ለቤቴ አይደለም» አሉ። ይህን ጽሑፍ ያስነሣን የእሳቸው ቃል ነው።

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ገደማ ስትቆረቆር በወረቀት ላይ የተሣለ ፕላን አልነበራትም። እቴጌ ጣይቱ ፍል ውኃ አጠገብ ቤት አሠሩ፤ የከተማዋንም ስም አወጡ። መኳንንቱ በየኮረብታው ቦታ ተሰጣቸው፤ ጭፍራውና አገልጋዩ በዙሪያቸው ሰፈረ። ራስ ብሩ ሰፈር፣ ደጃች ውቤ ሰፈር፣ ሠራተኛ ሰፈር የምንለው ሁሉ የዚያ አሰፋፈር ትዝታ ነው።

ሰውን በካርታ መለየት በግልጽ የመጣው በ1928 ዓ.ም. ከገባው ከጣሊያን ጋር ነው። ፕላኑ የአውሮፓውያንን መኖሪያ ከአገሬው ሰው መኖሪያ ለየ፤ በአራዳ ጊዮርጊስ አጠገብ የነበረውን ትልቁን ገበያም ወደ ምዕራብ አዛወረ። ጣሊያን በ1933 ወጣ፤ መርካቶ ግን ከነስሙ ቀረ። ዛሬ በርበሬና ኮረሪማ የምንሸምተው በዚያ መስመር ላይ ቆመን ነው። ከነጻነት በኋላም እንግሊዛዊው ሰር ፓትሪክ አበርክሮምቢ፣ ቀጥሎም ፈረንሳዊው ደ ማሪየን ለከተማዋ ፕላን አወጡ። በዚያን ጊዜ አብዛኛው ነዋሪ በሰው ቤት ተከራይ ነበር።

ለእኛ ትልቁ ለውጥ በሐምሌ 1967 ዓ.ም. መጣ። አዋጅ ቁጥር 47/1967 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ። ኪራያቸው በወር ከ100 ብር በታች የሆኑት ቤቶች ወደ ቀበሌ ሄዱ፤ ኪራይም ቀነሰ። ብዙዎቻችን ልጆቻችንን ያሳደግነው በነዚያ ቤቶች ስለሆነ ውለታውን አንክድም። ነገር ግን ቀበሌ የነዋሪዎች ማኅበርም፣ አከራይም ሆነ። ቤቱን የሚያከራየን፣ መታወቂያ የሚሰጠን፣ ስብሰባ የሚጠራን አንድ ሆነ ማለት ነው። አከራይ በጠራው ስብሰባ ላይ ተከራይ «አልስማማም» ለማለት ምን ያህል ድፍረት እንደሚያስፈልገው ያየ ያውቀዋል። ይህ ልማድ ከአዋጆቹ ይልቅ ዕድሜው የረዘመ ይመስለናል።

ነዋሪው አስተያየት የመስጠት መብቱ በከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574/2000 በግልጽ ሰፍሯል። በአዋጁ መሠረት ለአሥር ዓመት የሚያገለግለው መዋቅራዊ ፕላንም ሆነ ሰፈርን በዝርዝር የሚመለከተው የአካባቢ ልማት ፕላን ከመጽደቁ በፊት ለሕዝብ አስተያየት መቅረብ አለበት። ካርታው ተሥሎ ካለቀ በኋላ ሰው ሲሰማው ምን እንደሚከተል ደግሞ አገሪቱ በ2006 ዓ.ም. አየች። አዲስ አበባንና ዙሪያዋን ያቀናጃል የተባለው ማስተር ፕላን ከባድ ተቃውሞ አስነሣ፤ የሰው ሕይወት ጠፋ፤ በጥር 2008 ዓ.ም. ዕቅዱ ተሰረዘ።

በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1161 ደግሞ ተነሺዎች ቦታቸውን ከማስረከባቸው ቢያንስ ከአንድ ዓመት በፊት ሊመከሩ ይገባል አለ፤ መሬቱ በአስቸኳይ ሲፈለግ ጊዜው ሊያጥር እንደሚችልም ጨመረ። እዚያ የተጻፈው ቃል «ባለይዞታ» የሚል ነው። እኛ ግን አብዛኞቻችን የቀበሌ ቤት ተከራዮች ነን፤ የኪራይ ደብተሩም ብዙ ጊዜ በባል ስም ነው። ባል ሲሞት ወይም ሲሄድ ጥሪው በስሙ ይመጣል፣ ቤት ያጣዋል፣ ይመለሳል። ጉሊት የምትቸረችር፣ እንጀራ ጋግራ የምታስረክብ ሴት ስለ ስብሰባው የምትሰማው ካለፈ በኋላ ነው።

እኛም ከዚያ ቅዳሜ ወዲህ ተማርን። የስብሰባው ቀን ከገበያ ቀን እንዲለወጥ በደብዳቤ ጠየቅን። ካርታውን በደጋፊዎቻችን እርዳታ በትልቁ አስቀድተን በዕቁብ ቀን ግድግዳ ላይ ሰቀልነው፤ እያንዳንዷም ቤቷን በጣቷ ፈለገች። የባሎቻቸው ስም የቀረባቸውን ደብተር ያላቸው አባላት ስም እንዲዛወርላቸው አመለከቱ። ሁለተኛው ስብሰባ ሰኞ ከሰዓት ተጠራ፤ ሃያ ሦስት ሆነን ሄድን። ወረቀቱ ሲቀርብ ከየስማችን ጎን «ለመገኘት ብቻ» ብለን ጽፈን ፈረምን። ወረቀቱን የያዘው ወጣት «እንዲህ አይጻፍም» አለ። እኚያው እናታችን «ልጄ፣ እኛ ጽፈናል፤ አንተ አንብብ» አሉት።

በቃለ ጉባኤው ላይ የሰባት አባላቶቻችን ጥያቄ ሰፍሯል፤ ቅጂውም በማኅበሩ ሣጥን ውስጥ ተቀምጧል። መልሱ ገና አልደረሰንም።