የፕሮሰስ ቅድሚያ በዳታቤዝ ማስነሻ ስክሪፕት

የፕሮሰስ ቅድሚያ፦ በዩኒክስና በሊኑክስ ላይ አንድ የዳታቤዝ ሰርቨር ከፕሮሰሰሩ የሚደርሰውን የጊዜ ድርሻ የሚወስን ቅንብር። መለኪያው «ናይስ» ይባላል፤ በሊኑክስ ከ-20 እስከ 19 ይደርሳል። ቁጥሩ ሲያንስ ቅድሚያው ይጨምራል፤ ካልተነካ 0 ነው። ማንም ተጠቃሚ የራሱን ፕሮሰስ ቁጥር ማሳደግ ይችላል፤ ለመቀነስ ግን በአብዛኛው የሩት ሥልጣን ያስፈልጋል።

ልጅ ፕሮሰስ የወላጁን ቁጥር ይወርሳል። ስለዚህ ሰርቨሩ ያለ ምክንያት ሲንቀራፈፍ ያስነሳውን ሼልም መፈተሽ ይገባል። የማይኤስኪውኤል ማስነሻ ስክሪፕት፣ ማይኤስኪውኤልዲ-ሴፍ፣ ለዚህ መላ አለው፦ «ኖሃፕ» የተባለው ትእዛዝ ቁጥሩን ከፍ አድርጎት እንደሆነ አስቀድሞ ያነጻጽራል፤ ሥልጣን ካለውም ልዩነቱን ያካክሳል።

የሊኑክስ ሰርቪስ አስተዳዳሪው ሲስተምዲ ሰርቨሩን በቀጥታ በሚያስነሳበት ማሽን ግን ስክሪፕቱ አይጠራም፤ ለእሱ የተጻፈው የናይስ ቅንብርም ሰሚ ያጣል። ቅንብሩ መግባት ያለበት ሰርቪስ ፋይሉ ውስጥ ነው።

ለምርመራ በ«ፒኤስ» ትእዛዝ «ኤንአይ» የሚለው ዓምድ ይታያል። በሊኑክስ እየሠራ ያለ ፕሮሰስን ቁጥር የሚቀይረው «ሪናይስ» በፕሮሰስ መለያ ቁጥር ሲታዘዝ የሚነካው ዋናውን ትሬድ ብቻ ነው፤ ቀድሞ የተከፈቱት ባሉበት ይቀራሉ። ስለዚህ ቅንብሩን አርሞ ሰርቨሩን እንደገና ማስነሳት ይሻላል።