የማን ልጅ ነህ?

በ1977ቱ ድርቅ፣ በሱዳን ምድር ባለ አንድ የስደተኞች መጠለያ፣ አንዲት ክርስቲያን እናት የዘጠኝ ዓመት ልጇን ከጉያዋ አውጥታ ወደማያውቃት ሴት ትገፋዋለች። ልጁ አልሄድም ይላል፤ እናትም ፊቷን ታከብድበታለች። ያች ሴት ሐና ትባላለች፤ ቤተ እስራኤላዊት ናት፤ ሰለሞን የሚባለው ልጇ ሞቶ ኀዘኗ ገና አልደረቀም። የሟቹን ልጅ ቦታ፣ በመዝገብ የሰፈረውንም ስሙን ለዚህ እንግዳ ልጅ ትሰጠዋለች፤ የአዲሶቹን ዘመዶቹንም ስም ታስጠናዋለች። ልጁ በአውሮፕላን እስራኤል ሲገባ ክርስቲያንነቱ እዚያው ቀርቶ «ሽሎሞ» ይሆናል። ሐናም ብዙ ሳትቆይ ትሞታለች፤ ምስጢሩ በአንድ ሕፃን ልብ ውስጥ ብቻ ይቀራል።

የሩማንያ ተወላጁ ፈረንሳዊ አዘጋጅ ራዱ ሚሃይሌያኑ እ.ኤ.አ. በ2005 ያቀረበው ፊልም የሚጀምረው እንዲህ ነው። ፊልሙ በዚያው ዓመት በበርሊን የፊልም ፌስቲቫል የተመልካቾችን ሽልማት አገኘ፤ በተከታዩ ዓመት ደግሞ በፈረንሳይ የሴዛር ሽልማት ምርጥ የፊልም ድርሰት ተባለ። ንግግሩ በአማርኛ፣ በዕብራይስጥና በፈረንሳይኛ ነው። የፈረንሳይኛው ርእስ «ቫ፣ ቪ ኤ ድቪየን» ይላል። ቃል በቃል ሲመለስ «ሂድ፣ ኑር፣ ሁን» ማለት ነው። ይህ ጸሐፊ ትርጉም ሙያው ስለሆነ በሦስተኛው ቃል ላይ ብዙ ቆይቷል። «ሁን» ብቻውን በአማርኛ አይቆምም፤ ሰሚው «ምን ልሁን?» ብሎ ይጠይቃል። ፈረንሳይኛው ክፍት አድርጎ የተወውን የእኛ እናቶች ዘግተውታል። የአገራችን እናት ልጇን ስትሸኝ «ሰው ሁን» ትላለች፤ ሽማግሌም ሲመርቅ «ሰው ያድርግህ» ይላል። ምርቃቱ ሃይማኖት አይመርጥም፤ ዘርም አይጠቅስም። በፊልሙ ውስጥ ያለችው እናት ልጇን የምትሰደው አይሁዳዊ እንዲሆንላት ብላ አይደለም። ሰው ሆኖ እንዲቆይላት ብቻ ነው።

ይህ ታሪክ ልብ ወለድ ነው። የበቀለበት አፈር ግን ልብ ወለድ አይደለም። የእስራኤል የሴፋርድ ዋና ረቢ ኦቫድያ ዮሴፍ እ.ኤ.አ. በ1973 የኢትዮጵያ ቤተ እስራኤላውያን አይሁድ መሆናቸውን ካረጋገጡ በኋላ፣ በ1975 የእስራኤል መንግሥት የመመለስን ሕግ ለእነርሱም እንደሚሠራ ተቀበለ። ከዚያ ወዲህ ከጎንደር፣ ከወልቃይት፣ ከሰሜንና ከትግራይ የተነሡ ቤተሰቦች ሌሊት ሌሊት በእግር እየተጓዙ፣ ሽፍታና ወታደር እየሸሹ ወደ ሱዳን ይወርዱ ጀመር። ከትግራይ የተነሡት መምህር አቶ ፈረደ አክሉም በ1970ዎቹ መጨረሻ ሱዳን ውስጥ ከእስራኤል የስለላ ድርጅት ሰዎች ጋር ሆነው ወገኖቻቸውን በምስጢር እየለዩ ማሻገር ከጀመሩት ቀዳሚዎቹ አንዱ ነበሩ። ድርቁ ሲበረታ በገዳሪፍ አካባቢ ያሉት መጠለያዎች፣ ከሁሉም በላይ ኡም ራኩባ፣ በሰው ተጨናነቁ። ወረርሽኙ ሕፃናትንና ሽማግሌዎችን ፈጀ። በመንገድና በመጠለያ የሞቱት ቤተ እስራኤላውያን ቁጥር አብዛኛውን ጊዜ ወደ 4000 ይገመታል።

«የሙሴ ዘመቻ» የተባለው የአየር ጉዞ እ.ኤ.አ. ከኅዳር 21 ቀን 1984 እስከ ጥር 5 ቀን 1985፣ በእኛ አቆጣጠር ከኅዳር 12 እስከ ታኅሣሥ 27 ቀን 1977 ዓ.ም. ድረስ ተካሄደ። ሰዎቹ በጨለማ በአውቶቡስ ከገዳሪፍ አካባቢ ወደ ካርቱም አውሮፕላን ማረፊያ ይወሰዳሉ፤ ከዚያም በአንድ የቤልጅግ ኩባንያ አውሮፕላኖች በብራስልስ በኩል እስራኤል ይገባሉ። በስድስት ሳምንት ተኩል 8000 ያህል ሰው ተጓጓዘ። ወሬው በጋዜጣ ሲወጣና የእስራኤል ባለሥልጣናትም በይፋ ሲናገሩት፣ የአረብ አገሮችን ቁጣ የፈሩት የሱዳን ፕሬዚዳንት ኒሜሪ ጉዞውን አቆሙት። ኒሜሪ ራሳቸው በሚያዝያ 1985 ከሥልጣን ወረዱ፤ የጸጥታው ኃላፊ የነበሩት ምክትላቸው ዑመር ኤል ጠይብም በዚሁ ጉዳይ ለፍርድ ቀርበው ተፈረደባቸው። የሰማዩ በር ድንገት ሲዘጋ አባት ወዲህ እናት ወዲያ የቀሩባቸው ቤተሰቦች ብዙ ነበሩ። ብቻቸውን እስራኤል የደረሱ፣ ወላጆቻቸው በሕይወት ይኑሩ ይሙቱ የማያውቁ ልጆችም ብዙ ነበሩ። ስለዚህ ማታ ማታ ጨረቃን እያየ ከእናቱ ጋር የሚነጋገረው ሽሎሞ በምስጢሩ ብቸኛ ቢሆንም በናፍቆቱ ብቻውን አልነበረም።

ፊልሙ እምብዛም የማይነካው፣ እኔ ግን የነገሩ ሁሉ ቁልፍ ነው የምለው አንድ የታሪክ ሐቅ አለ። በሱዳን መጠለያዎች ውስጥ ማንነታቸውን የደበቁት በቅድሚያ ቤተ እስራኤላውያን ራሳቸው ነበሩ። ሱዳን የአረብ ሊግ አባል ናት፤ ከእስራኤል ጋር በጦርነት ሕግ ላይ ነበረች። አይሁድ ነኝ ማለት ለእስር፣ ለድብደባ፣ ከዚያም ለከፋ ነገር ይዳርግ ነበር። ስለዚህ ከክርስቲያኑ ስደተኛ ጋር ተቀላቅለው ክርስቲያን መስለው ኖሩ። «ኮሚቴ» የሚባሉት የራሳቸው ወጣቶች ስም ዝርዝሩን በምስጢር ይይዙ ነበር፤ ገንዘብ የሚያከፋፍሉትም፣ የሚሄደውን ሰው ሌሊት የሚቀሰቅሱትም እነርሱ ነበሩ። ከተረፉት ሰዎች ትዝታ እንደምንረዳው ቅዳሜ እሳት የማይነድበት ጎጆ ያስጠረጥር ስለነበር፣ ሰንበትን በመሻር ፈንታ ሰንበትን የሻሩ የሚያስመስል ብልሃት ያበጁ ሴቶች ነበሩ። ሬሳ እንደ ሥርዐቱ ማጠብና መቅበርም የማይቻልበት ጊዜ ነበር። እንግዲህ አንባቢ ያስተውል፤ አይሁዱ ለመዳን ክርስቲያን ነኝ በሚልበት መጠለያ ውስጥ ነው ክርስቲያኗ እናት ልጇን ለማዳን አይሁዳዊ ነው ያለችው። በዚያ መሬት ላይ ውሸት የአንድ ሰው ኃጢአት አልነበረም፤ እንደ ውኃና እንደ እህል ለመኖር የሚያስፈልግ ነገር ነበር።

ማታለሉ ሊሠራ የቻለውም ሁለቱ ሕዝቦች እጅግ የተቀራረቡ በመሆናቸው ነው። በፈረንሳይ ወይም በአሜሪካ ሲኒማ ተቀምጦ ፊልሙን ያየ ሰው ልጁ ከአንድ ዓለም ወደ ሌላ ዓለም የተሻገረ ይመስለዋል። ጎንደርን የሚያውቅ ግን ነገሩን በሌላ ዐይን ያየዋል። ቋንቋቸው አንድ ነው። ክርስቲያኑም ቤተ እስራኤሉም ወንድ ልጁን በስምንተኛው ቀን ይገርዛል፤ ሁለቱም የእሪያ ሥጋ አይበሉም፤ ሁለቱም መጻሕፍቶቻቸው በግእዝ ናቸው። የሃይማኖት አባታቸውን እንኳ በአንድ ስም ቄስ ይሉታል። በፊልሙ ውስጥ ልጁ ለእናቱ ደብዳቤ የሚያጽፈው ቄስ አምሃራ ለተባሉት የቤተ እስራኤል ካህን ነው። የፈረንሳይኛው ተመልካች «ቄስ»ን እንግዳ የአይሁድ ማዕርግ አድርጎ ይሰማዋል፤ እኛ ግን ልጁ ተወልዶ ባደገበት ቤትም ሆነ አሁን በገባበት ማኅበር የሚጠራበትን ያንኑ ቃል እንሰማለን። ይህ በትርጉም የማይሻገር ነገር ነው።

ቀረቤታው ግን ፍቅር ብቻ አልነበረም፤ ይህንንም መሸፈን አይገባም። ቤተ እስራኤላውያን ለብዙ ዘመናት ርስት ተከልክለው በአንጥረኝነትና በሸክላ ሥራ የኖሩ፣ «ቡዳ» እየተባሉ የተፈሩና የተገፉ ሕዝብ ናቸው። «ፈላሻ» የሚለው ስም ራሱ፣ ከፈለሰ ጋር የሚያያዘው፣ ለእነርሱ የስድብ ያህል ነው። ክርስቲያን እናት ለልጇ ሕይወት ስትል ያንን የተናቀ ስም የምትመኝበት ቀን መምጣቱ፣ የ1977 ረኀብ የደረጃዎችን ሁሉ ሥርዐት እንዴት እንደገለበጠ ያሳያል።

ልጁ እስራኤል ሲደርስ ሌላ ሰልፍ ይጠብቀዋል፤ የመዝጋቢዎች ሰልፍ። በአገራችን ልማድ ሰው የራሱንና የአባቱን ስም ይዞ ይኖራል፤ «የማን ልጅ ነህ?» ሲባል አባቱን፣ አያቱን፣ ቅድመ አያቱን እየቆጠረ ይመልሳል። በእስራኤል ግን ለሁሉም የቤተሰብ ስም ስለሚያስፈልግ የአያት ስም የቤተሰብ ስም ሆነ፤ ብዙ ልጆችም የዕብራይስጥ ስም ተሰጣቸው። እውነተኛው ቤተ እስራኤልም ሐሰተኛው ሽሎሞም ከዚያ ጠረጴዛ የተነሡት በአዲስ ስም ነው። መጠርጠርም ለሁለቱም ደረሰ። ዋናው የረቢዎች ጽሕፈት ቤት ከአዲሶቹ ስደተኞች የመጥለቅና የመሳሰለውን የመለወጥ ሥርዐት ምልክት ስለጠየቀ፣ እ.ኤ.አ. በ1985 መጸው ቤተ እስራኤላውያን በኢየሩሳሌም ከጽሕፈት ቤቱ ፊት ለፊት አንድ ወር ያህል ተቀምጠው ተቃወሙ። ስለ ኦሪት ሲሉ የተሰደዱት ሰዎች አይሁድነታቸውን አስረዱ ተባሉ ማለት ነው።

በታሪክ ዐይን ስናየው ፊልሙ ጉድለት የለውም አይባልም። ሽሎሞን የሚያሳድገው በቴል አቪቭ የሚኖር፣ ፈረንሳይኛ ተናጋሪ፣ ለዘብተኛ አስተሳሰብ ያለው የሴፋርድ ቤተሰብ ነው። እናቲቱን ያኤል አቤካሲስ፣ አባትየውን ሮሽዲ ዜም ይጫወቷቸዋል፤ ሁለቱም ያስመሰግናሉ። ብቻቸውን የደረሱት የኢትዮጵያ ልጆች ግን በአብዛኛው የገቡት በቤተሰብ እቅፍ ሳይሆን በመንግሥት ሃይማኖታዊ አዳሪ ትምህርት ቤቶች ነው። ለፈረንሳይ ተመልካች እንዲቀርብ ተብሎ የተመረጠ ቤት ይመስላል። የአዋቂውን ሽሎሞ ሚና የያዘው ሲራክ ሳባሃት ግን ከዚያው መንገድ የመጣ ሰው ነው፤ እስራኤል የገባው ግንቦት 16 እና 17 ቀን 1983 ዓ.ም. ከ14,000 በላይ ሰዎች ከአዲስ አበባ በተወሰዱበት «የሰለሞን ዘመቻ» ነው።

አዘጋጁም ቢሆን የውሸትን ዋጋ ከሩቅ የሰማ ሰው አይደለም። አባቱ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ሕይወቱን ለማትረፍ ቡክማን የሚለውን የአይሁድ ስሙን ትቶ ሚሃይሌያኑ የተባለ ሰው ነው። ልጁ ዛሬ በየፖስተሩ የሚጽፈው ስም ያ የተዋሰው ስም ነው። ምናልባት ስለዚህ ይሆናል ፊልሙ ሽሎሞን በአንድም ቦታ እንደ አታላይ አይቶ የማይፈርድበት።

ሌሎች ግን ይፈርዱ ነበር። ፊልሙ በወጣበት ጊዜ በጎንደርና በአዲስ አበባ፣ አያቶቻቸው ወደ ክርስትና የገቡና «ፈላሽ ሙራ» የሚባሉ በሺሕ የሚቆጠሩ ሰዎች ወረፋ ይጠብቁ ነበር። የእስራኤል መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2003 የወሰነው በእናት በኩል የአይሁድ ዘር ያላቸው እንዲገቡ ነው። ሰባት ቤት መቁጠር በአገራችን ለጋብቻ ክልከላ የምንጠቀምበት ዕውቀት ነው፤ እዚህ ግን የቪዛ ማስረጃ ሆነ፤ ጠያቂውም ውሸታሙን ከእውነተኛው ለመለየት ወንበር ላይ ተቀመጠ። እንዲህ ባለ ጊዜ «አንድ ክርስቲያን ልጅ አይሁድ መስሎ ገባ» የሚል ፊልም መሥራት ጥርጣሬን ይመግባል የሚል ሥጋት ቢነሣ ባዶ ሥጋት አይባልም። ሆኖም ፊልሙን እስከ መጨረሻው ያየ ሰው የሚያገኘው ጥያቄ ሌላ ይመስለኛል፤ በዚያ መጠለያ እኩል ከሚራቡ ሁለት ሕፃናት አንዱ የሚድነው በአያቱ ስም ከሆነ፣ መልስ መስጠት ያለበት ስሙን የተዋሰው ነው ወይስ ሕጉን ያወጣው?

ሽሎሞ አድጎ በፓሪስ ሕክምና ይማራል፤ የሚወዳትን ሣራንም ያገባል። እውነቱን የሚነግራት ካረገዘች በኋላ ነው። ትታው ትሄዳለች፤ ክርስቲያን ሆኖ ስለተገኘ ሳይሆን ያን ያህል ዓመት ስላላመናት ነው። በኋላ ሐኪም ሆኖ ወደ ሱዳን መጠለያ ይመለሳል፤ እዚያም እናቱን ያገኛታል፤ ስታየው ትጮኻለች፤ ፊልሙም በጩኸቱ ላይ ያበቃል።

እኔን ግን ከሲኒማው ከወጣሁ በኋላም ያልለቀቀኝ ሌላው ልጅ ነው፤ የሐና ልጅ፣ እውነተኛው ሰለሞን። በሱዳን መንገድ ላሉቁት ቤተ እስራኤላውያን እ.ኤ.አ. በ2007 በኢየሩሳሌም ሄርዝል ተራራ ላይ መታሰቢያ ቆሞላቸዋል፤ በየዓመቱም ቤተ ዘመዶቻቸው እየመጡ ያለቅሱላቸዋል። እንደ እርሱ ያለ ልጅ ግን ከሟቾቹ ጋር አይቆጠርም። በመዝገቡ መሠረት እስራኤል ገብቷል፣ ተምሯል፣ ሐኪም ሆኗል፣ አግብቷል። እናቱ ሐናም ሞታለችና፣ በሱዳን አፈር ውስጥ መቅረቱን ከሽሎሞ በቀር የሚያውቅለት ሰው አልነበረም።