ጋፋትና የሴባስቶፖል መንገድ

ከባሕር በራቀው በደብረ ታቦር ደጋ ላይ የወደብ ስም የተሸከመ መድፍ መወለዱ እንደ ዋዛ የሚታለፍ ነገር አይደለም። ሴባስቶፖል በጥቁር ባሕር ዳር የምትገኝ ከተማ ናት። ካሣ ኃይሉ በየካቲት 1847 ዓ.ም. በደረስጌ ማርያም ዐፄ ቴዎድሮስ ተብለው ሲነግሡ፣ እንግሊዝና ፈረንሳይ ከቱርክ ጋር ሆነው ይህችን ወደብ ከሩሲያ ለመንጠቅ ከበዋት ነበር። የዚያ ጦርነት ወሬ እስከ ደጋው መዝለቁን የመድፉ ስም ይመሰክራል።

መድፉ የተሠራበት ጋፋት በደብረ ታቦር አጠገብ ያለ፣ ለዓይን የማይሞላ ትንሽ ኮረብታ ነው። በዚያ የሰፈሩት እነ ቫልድማየርና ዛልሙለር ወደ ኢትዮጵያ የመጡት ወንጌል ሊሰብኩ እንጂ መድፍ ሊያቀልጡ አልነበረም። ንጉሠ ነገሥቱ መድፍ ሥሩልኝ ሲሏቸው አናውቅም አሉ። አናውቅም ግን በቴዎድሮስ ዘንድ መልስ አልነበረም። ሞከሩ፣ ከሸፈ፣ ደግመው ሞከሩ። በመጨረሻም በ1859 ዓ.ም. 70 ኩንታል ገደማ የሚመዝነው ሴባስቶፖል ቀልጦ ወጣ። መጻሕፍት የፈረንጆቹን ስም አንድ በአንድ ሲዘረዝሩ፣ ወናፉን የነፋውና ከሰሉን የተሸከመው ኢትዮጵያዊ ስም የለውም።

የመድፉ ታሪክ የሚከብደው ግን ከቀለጠ በኋላ ነው። በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ፣ አብዛኛው አገር በሸፈተባቸው ጊዜ፣ ቴዎድሮስ ደብረ ታቦርን አቃጥለው ወደ መቅደላ ተነሡ። የንጉሡን ክብር የሚወድ ሁሉ ይህን ቃጠሎ በዝምታ ማለፍ ይቀናዋል፤ ዳሩ ግን ጋፋትን በጉልበቱ ያቆመውና ቤቱ የነደደበት ያው አንድ ሕዝብ ነው።

ሴባስቶፖልን የሚያሳልፍ መንገድ ስላልነበረ መንገዱ ከመድፉ ፊት ፊት ይጠረግ ነበር። ዐለት እየተፈነቀለ፣ ዛፍ እየተገነደሰ፣ የጅዳና የበሽሎ ገደሎች እየተቆረጡ፣ ሠረገላው በመቶ በሚቆጠሩ ሰዎች ክንድ ተጎተተ። ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ድንጋይ ይሸከሙ እንደ ነበር የዓይን ምስክሮች ጽፈዋል። ጉዞው ከአምስት ወር በላይ ፈጀ።

የናፒየር ጦር ከሰሜን መጥቶ ከቤተ ሆር ወደ ጅዳ ሲወርድ፣ በገደሉ ላይ የተጠረገ መንገድ ጠበቀው። ቴዎድሮስ ለሴባስቶፖል ያስጠረጉት መንገድ ነበር። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. በመቅደላ ራሳቸውን ሠዉ። በአዲስ አበባ፣ በቴዎድሮስ አደባባይ የቆመው የመድፉ አምሳያ ሲሆን፣ እውነተኛው ሴባስቶፖል ዛሬም በመቅደላ አምባ ላይ ነው።