ባዶ ፍሪጅ፣ የሽሮ ባልዲ

ባለፈው ሳምንት ደሴ እናቴ ቤት ነበርኩ። መሽቷል፤ የጦሳ ብርድ ከተማው ላይ ወርዷል። እህቴ ሁለት ልጆቿን ይዛ ሳትደውል መጣች። ፍሪጁን ብከፍተው ግማሽ ሎሚና አንድ ጠርሙስ ውሃ አገኘሁ። «እማዬ፣ ወርጄ ምን ልግዛ?» ስላት፣ «ተቀመጥ አንተ! ፍሪጅ መቼ አብልቶን ያውቃል?» አለችኝ። የሽሮ ባልዲዋንና አንድ ከረጢት ድርቆሽ ከጓዳ አወጣች። ሽሮው እስኪንተከተክ ድርቆሹ ራሰ። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ አምስታችንም አንድ ትሪ ከበብን።

«ፈጣን እራት» የምንለው ይህንን ነው። ሥራው ግን ከወራት በፊት አልቋል። ሽምብራውና ባቄላው ተለቅሞ፣ ታምሶ፣ ተከክቶ፣ ከኮረሪማውና ከበሶብላው ጋር ወፍጮ ቤት ደርሶ ተመልሷል። የተረፈው እንጀራ ፀሐይ ላይ ደርቋል። የቸኮልነው እኛ ነን፤ እናቶቻችን ቀድመው ጨርሰውታል።

ይህ ጓዳ የአገር ታሪክም ተሸክሟል። አፄ ምኒልክ በመስከረም 1888 ዓ.ም. ለዐድዋ ክተት ሲያውጁ የጦሩ መሰባሰቢያ እዚሁ ወሎ፣ ወረኢሉ ነበር። ዘማቹ በአብዛኛው ስንቁን ከቤቱ ይዞ የሚወጣበት ዘመን ነው፤ በሶው፣ ቆሎው፣ ድርቆሹ የተሰናዳው በሴቶች እጅ ነው። ያውም ከክፉ ቀን ማግስት! ከ1880 ዓ.ም. ጀምሮ የደስታ በሽታ በሬውን ፈጅቶ፣ እርሻው ጾም አድሮ፣ አገር በረሃብ ካለቀ ገና ጥቂት ዓመታት ቢያልፉ ነው።

ታዲያ ወሎ ይህን ሁሉ የስንቅ ጥበብ እያወቀ ለምን ተራበ? በ1965 እና 1966 የሆነውን ያጠናው ህንዳዊው የምጣኔ ሀብት ሊቅ አማርትያ ሴን፣ እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተመው መጽሐፉ የሚያስደነግጥ ነገር አሳይቷል። ሕዝቡ በሚያልቅበት ወቅት ደሴ ገበያ ላይ የእህል ዋጋ ያን ያህል አልናረም። እንዲያውም ከወሎ ወደ አዲስ አበባና ወደ አስመራ የሚጫን እህል ነበር። ገበሬው ምርቱ ሲጠፋበት የሚሸጠውም ጠፋው፤ ከብቱን በርካሽ አወጣ፤ በመጨረሻ በአጠገቡ የሚያልፈውን እህል መግዣ አጣ። ገበያው ላይ እህል መኖሩ ለእሱ ምንም አልፈየደለትም። ጎተራው ከተራቆተ ቆይቷል።

በ2014 ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲገባም ያው ፈተና ተመልሶ መጣ። ከጥቅምት መጨረሻ እስከ ኅዳር መጨረሻ፣ ባንክ ተዘግቶ፣ ሱቅ ተቆልፎ፣ ብር ያለውም የሌለውም እኩል ሆነ። እናቴ ያንን ወር ስታነሳ ስለ ገንዘብ አታወራም፤ «ባልዲው ነው ያወጣን» ነው የምትለው። ለጎረቤትም በሲኒ እየሰፈረች ሰጥታለች።

እኔ በጋዜጠኝነቴ ስለ ኑሮ ስዘግብ ገበያ ወጥቼ «ኩንታል ስንት ገባ?» ብዬ እመለሳለሁ። የባለሥልጣኑም መግለጫ «በቂ ምርት ገበያ ላይ አለ» ይላል። ሁለታችንም የምንጠይቀው የ1966ቱን የተሳሳተ ጥያቄ ነው። ረሃብ የሚጀምረው ገበያው ከመራቆቱ በፊት፣ ጓዳው ሲራቆት ነው። ዛሬ ስንቱ የከተማ ቤተሰብ ሽሮ በግማሽ ኪሎ፣ በርበሬ በመቶ ግራም እየገዛ ነው? ለዓመት ያሰናዳ የነበረ ቤት ለሳምንት ሲገዛ፣ ለክፉ ቀን የሚሆን ምንም አልተረፈውም ማለት ነው። ይህ በየትኛውም የዋጋ ሪፖርት ላይ አይታይም።

ያን ምሽት እህቴ ስትሄድ እናቴ ሽሮ በፌስታል ቋጠረችላት። ማንኪያው የባልዲውን ታች ሲቧጥጠው ሰማሁ። በዚህ ወር ድሮ አፉ ድረስ ሞልቶ ነበር የማውቀው።